ብትሸጥ ስንት ታወጣለች? የአዲስ አበባ መኪና ገዢ የምርጫ ለውጥ፦ ጥናታዊ ዳሰሳ

የአዲስ አበባ ሰው መኪና የሚገዛው ለራሱ አይደለም። ይህ የጥናታችን ዋና ግኝት ነው። በሥርዓቱ ቢሆን መጨረሻ ላይ መቀመጥ ነበረበት፤ ነገር ግን የጥናት ወረቀትን ከሁለተኛው ገጽ አልፎ የሚያነብ አማካሪው ብቻ፣ እሱም ሲገደድ መሆኑን ስለምናውቅ እዚሁ አኑረነዋል። ገዢው የሚገዛው ከእሱ ቀጥሎ ለሚመጣው ገዢ ነው። ቀለሟን ሲመርጥ ያ ሰው እንዳይከፋው አስቦ ነው። የወንበሯን ፕላስቲክ የማያነሳው ያ ሰው መጥቶ በገዛ እጁ እንዲያነሳው ነው። በክረምት ጭቃ ገጠር ለቅሶ ይዟት የማይሄደው ያ ሰው አጎንብሶ ከሥር ሲያያት እንዳያሳፍረው ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ይሁን እንጂ በመኪናዋ ጉዳይ ከሚስትም፣ ከልጆችም፣ ከገዢው የገዛ ወገብም በላይ ድምፅ አለው።

ስለዚህ «የተጠቃሚው ፍላጎት ተለወጠ» የሚለውን የተለመደ አነጋገር በጥንቃቄ መያዝ ግድ ሆኖብናል። ከተማው ከፊያት ወደ ላዳ፣ ከላዳ ወደ ኮሮላ፣ ከኮሮላ ወደ ቪትዝ፣ ከቪትዝ ወደ ዲዛየር፣ ከዚያም ቻይንኛ ወደምትናገር መኪና መሻገሩ እውነት ነው። ፍላጎቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሲፈልግ የኖረው ስትሸጥ የማታከስር መኪና ነው፤ እየተለወጠ የመጣው የዚች መኪና መልክ ብቻ ነው።

የአጠናን ዘዴ

መረጃው የተሰበሰበው በጋራዥ በር፣ በመኪና አጣቢዎች ዘንድ፣ ደላሎች ቡና በሚጠጡባቸው በረንዳዎችና በነዳጅ ማደያ ሰልፎች ላይ ነው። ከሁሉም አስተማማኝ ሆኖ የተገኘው የሰልፉ ነው፤ ተጠያቂው ጥያቄው ቢሰለቸው እንኳ ተራውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ከደላሎች የተገኘው መረጃ በብዛቱ ወደር የለውም። እውነተኛነቱን ለማጣራት ደላላው ሻጭን ሲያናግር አንድ ጊዜ፣ ገዢን ሲያናግር ሌላ ጊዜ አዳምጠነዋል። ስለ አንዲት መኪና፣ በአንድ ጠዋት፣ ከአንድ አፍ የወጡት ሁለቱ ምስክርነቶች በሽማግሌም የሚታረቁ ስላልሆኑ አማካያቸውን ይዘናል።

ባለቤቶችን «ይችን መኪና ለምን መረጥካት?» ብለን ጠይቀናል። መልሱ አንድ ነው፦ «ነዳጅ አትበላም፤ መለዋወጫዋ እንደ ልብ ነው፤ ስትሸጣት አታከስርም።» የላዳ ባለቤት እንዲህ ብሏል፤ የኮሮላ ባለቤት እንዲህ ብሏል፤ የቪትዝ ባለቤት ጥያቄው ሳያልቅ እንዲህ ብሏል። አንድ የሲኖትራክ ባለቤትም «ነዳጅ አትበላም» ብሎናል፤ ቃሉን እንደወረደ መዝግበናል።

ታሪካዊ ዳራ

መኪና አዲስ አበባ የገባችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ የመኪና መንገድ በሌለበት አገር ባመጣት ጊዜ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዩዋት፤ ተሳፈሩባት። «ይችማ ብትሸጥ ስንት ታወጣለች?» ብሎ ከመኳንንቱ የጠየቀ ስለመኖሩ ዜና መዋዕል አይናገርም። የምትነጻጸርባት ሌላ መኪና አልነበረችም፤ ደላላም ገና በበቅሎና በፈረስ ላይ ነበር የተሰማራው። ይህን ዘመን በጥናታችን «ቅድመ ደላላ» ብለነዋል። አጭር ነው።

ከጣሊያን መውጣት በኋላ የመጣው ትውልድ ፊያት 600ን እና ቮልስን አወቀ። ፊያት 600 ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆነች፤ ቮልስ ደግሞ ደመወዝተኛው መኪና ነኝ የሚልባት መኪና ሆነች። ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ ነው። የቮልስ ሞተር ደግሞ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ውሃ አይጠይቅም፤ ውሃ ራሱ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ እንደ ጨዋነት ይቆጠርላታል።

በደርግ ዘመን ምርጫ የሚባለው ጣጣ እጅጉን ቀለለ። ላዳ ነበረች። ላዳን የማይፈልግ ሰው ላዳን አለመግዛት ይችል ነበር። ላዳ በሶቪየት ኅብረት ትሠራ እንጂ ሥረ መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። የአገሬው መካኒክ ፍሪሲዮንም ካንዴላም ኩሽኔታም ከጣሊያን የወረሰ በመሆኑ ኮፈኗን ከፍቶ ሲያያት ዘመዱን እንዳገኘ ሰው ነበር የሆነው። በዚያው ዘመን የኋላዋ በአግዳሚ ወንበር የተሞላው ፔጆ 404፣ ማለትም ውይይት፣ ተሳፋሪውን ፊት ለፊት አፋጥጣ በማስቀመጥ ሕዝቡን ታመላልስ ነበር። ምርጫን አይመለከትምና እናልፈዋለን፤ ውይይት የተሳፈረ እንጂ የመረጠ አላጋጠመንም።

የሞተር መጠንና የውበት ስሜት

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ደርሰናል። የአዲስ አበባ ሰው የመኪና ፍቅር የሚጸነሰው በነጋሪት ጋዜጣ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 ሞተራቸው እስከ 1300 ሲሲ በሆኑ አውቶሞቢሎች ላይ 30 በመቶ፣ ከ1301 እስከ 1800 በሆኑት ላይ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ 100 በመቶ ጣለ። ይህ ኤክሳይዙ ብቻ ነው። የጉምሩክ ቀረጡ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱና ሱር ታክሱ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እየወጡ ስለሚሰሉ፣ በመጀመሪያው እርከን ላይ የነበረች ትንሽ ልዩነት ሰገነቱ ላይ ስትደርስ ቤት የምታስሸጥ ትሆናለች።

ቀስ በቀስ ሕዝቡ ትልቅ ሞተር መጥላት ጀመረ። ጥላቻው በአዋጅ የመጣ መሆኑን ግን ማንም አላመነም። «ለከተማ ትልቅ ሞተር ምን ያደርጋል?» ይላል። «ለመዟዟር ትንሽ ነች የምትመቸው» ይላል። «ቁመናዋም ደስ ይላል» ሲል ምርምሩ ከታክስ ወጥቶ ወደ ሥነ ውበት ይሻገራል። የቪትዝ አንዱ ሞተር፣ አንድ ነጥብ ሦስት የሚባለው፣ በትክክል ሲለካ 1298 ሲሲ ነው። የዲኤክስ ኮሮላ፣ ከአዋጁ በሃያ ዓመት ገደማ ቀድማ የተሠራች ብትሆንም ልኩን አውቃ የመጣች ይመስል፣ 1290 ሲሲ ነበር። ከ1298 እስከ 1301 ያለው ርቀት 3 ሲሲ ነው፤ ለሕፃን በመርፌ ከሚሰጥ መድኃኒት አይበልጥም። የአንድ ከተማ ሕዝብ ቆንጆ የሚለውንና አስቀያሚ የሚለውን የለየው በዚህ 3 ሲሲ ነው። የሥነ ውበት ፈላስፎች ጉዳዩን እስካሁን በሌላ አቅጣጫ ሲፈልጉት መኖራቸው ያሳዝናል።

ስለ ቪትዝ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ቪትዝ የጃፓን አገር ገበያ ልጅ ናት፤ ጃፓን በግራ ስለሚነዳ መሪዋ በቀኝ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ተዛውራለች። ስለዚህ ብዙዎቹ ቪትዞች በዱባይና በአካባቢዋ ሲያልፉ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ መሪያቸው ወደ ግራ ተሻግሮ ነው የመጡት። ሕክምናው ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። መጥረጊያዋ እስከ ዛሬ ድረስ አጥርቶ የሚጠርገው ለጃፓኑ ሹፌር በነበረበት በኩል ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ጋቢና የተቀመጠችው ሚስት መንገዱን ጥርት አድርጋ ታየዋለች፤ የምትነግረውም ለዚህ ነው።

ደላላ እና ገዢ ሲገናኙ የሚደረገውን ንግግር እንደወረደ እናቀርባለን።

«ለማን ፈልገህ ነው ወንድሜ?»

«ለራሴ።»

«ጥሩ። መቼ ልትሸጣት አሰብክ?»

ገዢው በዚህ አይደነግጥም። «እ... ሁለት ዓመት ብይዛት ነው» ይላል። ውይይቱ ከዚህ በኋላ የሚካሄደው ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሚመጣው ሰው ነው። ያ ሰው ጥቁር አይወድም። ያ ሰው ማንዋል አይፈልግም። ያ ሰው ኮፈኗ ቀለም የተነካ እንደሆነ በጣቱ አንኳኩቶ ያውቃል። ገዢውም ደላላውም ላላዩት ሰው ምርጫ እየተጨነቁ መኪናዋን ሦስት ጊዜ ይዞሯታል፤ አራተኛውን የገዢው አጎት ይዞራል።

ደላላው የሚያቀርባቸው መኪኖች ሁሉ ቀደም ያለ ታሪክ አላቸው። «የሐኪም መኪና ናት» ይባላል። «የሴት መኪና ናት፤ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት እንጂ ሌላ መንገድ አታውቅም።» በዚህ መስፈርት ከሄድን በከተማው ውስጥ ከሚሸጡት መኪኖች አብዛኞቹ ቀድሞ የሐኪሞች ስለነበሩ፣ የሐኪም እጥረት አለ የሚለው ዘገባ እንደገና ቢታይ እንመክራለን። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን በተመለከተ፣ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የሚቀንስ ሌላ መሣሪያ በዚህች ከተማ አላገኘንም።

ስለ እርጅና ተቀናሽ

የኢኮኖሚክስ መማሪያ መጻሕፍት መኪና ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ ዋጋዋ ይቀንሳል ይላሉ። አዲስ አበባ ይህን መጽሐፍ አላነበበችም። እዚህ ሰው መኪናውን ዓመታት ነድቶ፣ ጎማ አስጨርሶ፣ አንድ በር አስጋጭቶ፣ ከገዛበት በላይ ሲሸጥ ኖሯል። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበረ፤ ቀረጥና ታክሱ ተደምሮ ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጥ ነበር፤ ብር በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በ15 በመቶ ወረደ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። መኪናዋ በር ላይ ቆማ አድራ ጠዋት ስትነሳ ተወድዳ ትገኛለች። ባለቤቱ ግን ይህን የሚያየው እንደ ብር መውረድ ሳይሆን እንደ ራሱ ብልህነት ነው። «አየህ፣ ያኔ አትግዛ ስትሉኝ» ይላል፤ ማንም አትግዛ ያላለው ሰው።

ቨርጂኒያ የሚኖር ዘመድ በዚህ ጉዳይ አስተያየት እንዲሰጥ ተጠይቆ ነበር። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ታክሲ የሚያሽከረክሩ ወገኖቻችን ብዙ በመሆናቸው የሙያ ምስክርነት ይሆናል ብለን ነው። እዚያ አዲስ መኪና ከመሸጫው በር እንደወጣች ዋጋዋ እንደሚወድቅ ነገረን። ቤተሰቡ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። አንዲት አክስት «በሰው አገር ስንቱን ይችሉታል!» አሉ።

የስፖኪዮ ንድፈ ሐሳብ

«መለዋወጫዋ እንደ ልብ ነው» የሚለው ሁለተኛው የምርጫ ምሰሶ ብቻውን መመርመር አለበት። መርካቶ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው የአንዳንድ መኪኖች መለዋወጫ እንደ ጉድ እንደሚገኝ፣ የሌሎቹ ደግሞ በሻማ ቢፈለግ እንደማይገኝ ያውቃል። ለምን? ሰው የሚወዳት መኪና በመንገድ ላይ ትበዛለች። የበዛች መኪና ስፖኪዮ ፈላጊው ብዙ ነው። ፈላጊው የበዛ ስፖኪዮ ሌሊት ይወልቃል። የወለቀው ስፖኪዮ ወደ ገበያ ይሄዳል። በገበያ ስፖኪዮዋ እንደ ልብ ስለሚገኝ ሰው ይወዳታል። ስለሚወዳት ትበዛለች።

ይህን «የተመራጭነት ዑደት» ብለን ሰይመነዋል። ዑደቱ የሚያስተምረን ነገር አለ፦ አንድ ሰው ጠዋት ተነስቶ ስፖኪዮው ተወልቆ ካገኘ፣ ትክክለኛ መኪና ለመምረጡ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የለም። ስፖኪዮው ላይ የታርጋ ቁጥሩን አስቀርጾ፣ በብረት አስጠፍሮ የሚያድር ባለቤት ለንብረቱ ሲል የራሱን መለዋወጫ አቅርቦት እያናጋ መሆኑን አይገነዘብም። ማንም ሊሰርቃት የማይፈልጋትን መኪና የያዘ ሰው ግን ሌሊት በሰላም ይተኛል፤ ሊሸጣት ሲነሳም ደላላው ስልክ አያነሳለትም።

ቪ8

ላንድክሩዘር ቪ8፣ ናፍጣው፣ 4461 ሲሲ ነው። የአራቱን ቁጥሮች ትርጉም ከላይ ካለው የአዋጅ ሰንጠረዥ ጋር ያስተያየ አንባቢ ይህችን መኪና የሚመርጥ ሰው እንደሌለ ይረዳል። ብዙ ጊዜ የምትታየው ባለ ጥቁር ታርጋ ኮድ 4 ሆና ነው። ለመንግሥት ሥራ ስለሆነች ከፍላጎት ውጭ ናት፤ ከዚህ በላይ አንላትም።

ዲዛየር ወይም ድንገተኛ ፍቅር

በ2012 ዓ.ም. አዲስ የኤክሳይዝ አዋጅ ወጣ፤ ቁጥሩ 1186 ነው። እስከ 1300 ሲሲ በሆኑ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ላይ የነበረውን 30 በመቶ ወደ 5 አወረደው። ያገለገሉት ላይ ግን እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው እየጨመረ እስከ 500 በመቶ ወጣ። ለዓመታት «አዲስ መኪና የሞኝ ነው፤ የጃፓን አሮጌ ከማንም አዲስ ይሻላል» ሲል የኖረ ሕዝብ አሮጌ መኪና ለአካባቢ አየር ጠንቅ መሆኗን በዚያው ሰሞን ተረዳ።

ሱዙኪ ዲዛየር የመጣችው በዚህ በር ነው። በህንድ የምትሠራ፣ 1197 ሲሲ፣ ኋላዋ ባለ ሻንጣ። ከዚያ በፊት በከተማው ሱዙኪ ሲባል ትዝ የሚለው ቪታራ ወይም ሞተር ሳይክል ነበር። አሁን በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆሙትን ነጭ ዲዛየሮች ቆጥሮ ለመጨረስ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ያለው ጊዜ አይበቃም። በስልክ የሚጠሩት የሜትር ታክሲዎች፣ ሕዝቡ የማንም ቢሆኑ «ራይድ» የሚላቸው፣ ወረሷት። ባለቤቶች «ለምን መረጥካት?» ተባሉ። ነዳጅ አትበላም፤ መለዋወጫዋ እንደ ልብ ነው፤ ስትሸጣት አታከስርም። መኪናዋ አገር ከገባች ገና ዓመት ሳይሞላት መለዋወጫዋ እንዴት እንደ ልብ ሆነ ብለን ስንጠይቅ፣ «ይሆናላ!» የሚል መልስ አግኝተናል። ከስፖኪዮ ንድፈ ሐሳብ አንጻር መልሱ ትክክል ነው።

በዚሁ ዘመን የሽያጭ ማስታወቂያው ቋንቋ አንድ መስፈርት ጨመረ፦ «ራይድ ያልሠራች»። የሐኪሙ መኪና በዚህ ምክንያት እንደገና ተፈላጊ ሆነች።

የኤሌክትሪክ ዘመን

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን አስታወቀ። በዓለም ላይ ይህን ያደረገ አገር ከዚያ በፊት አልነበረም። ቀደም ብሎም የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ወጥተው፣ የጉምሩክ ቀረጡ ተገጣጥመው ለሚመጡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚመጡት 5፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው ለሚመጡት ዜሮ ሆኖ ነበር። ከተማው ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር በብርቱ መጨነቅ የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ ጭንቀቱ ተባባሰ።

የመጡት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ቢዋይዲውም፣ የጀርመን ስም ያለው አይዲ 4 እና አይዲ 6ም ሳይቀር በቻይንኛ ያስባሉ። ትልቅ መስኮት የሚያህል ስክሪን ፊት ለፊት ተገትሮ በማይነበብ ፊደል ያበራል። ባለቤቶች የተማሩት በቦታ ነው፦ ከግራ ሦስተኛዋ ማቀዝቀዣ፣ ከሥር ያለችው ቤት የምትመስል ምልክት መመለሻ፣ ቀይዋን ግን እንዳትነኩ። መኪናዋ ደግሞ ትናገራለች። ከመስመር ሲወጡ ትናገራለች፤ ቀበቶ ካልታሰረ ትናገራለች፤ አንዳንዴ ያለ ምንም ምክንያት ትናገራለች። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ያደረጉትን ንግግር ቀርጸናል።

«ምን አለች ልጄ?»

«ቀበቶ እሰሩ መሰለኝ፣ እማዬ።»

«አሜን። እሷንም ይጠብቃት።»

ማኅበራዊ መዘዙ ብዙ ነው። ኤሌክትሪክ የያዘ ሰው የነዳጅ ሰልፉን አጥቷል፤ አብሮት የነበረውን የፖለቲካ ትንተናም አጥቷል። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ከበረንዳው ገመድ አውርዶ ሌሊቱን ሲቀጥል ያድራል፤ ጠዋት የግቢው ልጆች እንዳይረግጡት ከላይ ሆኖ ይጠብቃል። የጋራ ቆጣሪ ባለበት ሕንፃ የነዋሪዎች ስብሰባ ከሦስት ዓመት በኋላ ምልዓተ ጉባኤ አሟልቷል። «መብራት ጠፍቶ ነው ያረፈድኩት» የሚለው ሰበብ ቀድሞ ካልተተኮሰ ሸሚዝ አያልፍም ነበር፤ ዛሬ አለቃ ራሱ ነው የሚጠቀምበት።

መካኒኩን አዝነን ነው ያየነው። ልማዱ ኮፈን ከፍቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ «አንዴ ነዳጅ ስጣት» ብሎ ማዳመጥ ነበር። ይችኛዋ ድምፅ የላትም። ዘይት የላትም፤ ካንዴላ የላትም፤ ሰልባትዮ የላትም። ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞሮ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ እጁ ግን ንጹሕ ነበር። «ኮምፒውተር ናት» አለ። የምርመራ ዋጋ ግን ጠይቋል።

ርቀትም አዲስ ትርጉም አግኝቷል። የቢዋይዲ ፋብሪካ፣ ሲጋል የተባለችው መኪናው በቻይና ልኬት 305 ወይም፣ ባትሪዋ ትልቅ ከሆነ፣ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኑሮው ከሲኤምሲ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ሲኤምሲ የሆነ ሰው በአንድ ጊዜ የአገሪቱን ካርታ በኪሎ ሜትር ያጠና ጀመር። «ባሕር ዳር ታደርሳለች ወይ?» ይላል። ባሕር ዳር ምን ጉዳይ እንዳለው ሲጠየቅ ምንም የለውም፤ ግን ቢኖረውስ? እርግጥ ጥያቄው የእሱ አይደለም። ሊሸጣት ሲቀርብ የሚጠይቀው ሰው አለ፤ ለዚያ ነው መልሱን አስቀድሞ የሚያዘጋጀው። ከእንጦጦ ሲወርዱ ፍሬኑ ባትሪ እንደሚሞላ የሰማ አንድ ተጠያቂ ደግሞ ቤቱን ወደ ሽሮ ሜዳ ለማዛወር እያሰበ መሆኑን ገልጾልናል፤ መውጫውን ግን አላሰላም።

ደላላው ያልተለወጠ ብቸኛ ባለሙያ ነው። የነዳጅ ሞተር የለም ብሎ አልተሸበረም። «ባትሪዋ 98 ፐርሰንት ላይ ናት» ማለት የጀመረው ማንም ሳያሠለጥነው ነው። «ፈጣን ቻርጀር ያልነካት፣ በቤት ያደገች» የሚለውንም የፈጠረው እሱ ነው። ሆኖም ደንበኛው በአዲሱ ሸቀጥ ላይ ያለው መተማመን ገና አልጠናም። አዲስ ሞዴል በመጣ ቁጥር ያምናዋ ትረክሳለች ብሎ ይፈራል፤ መኪና ዋጋዋ ሊወርድ ይችላል የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶታል። የቪትዝ ባለቤት በበኩሉ ኮራ ብሎ በር ላይ ቆሟል። «ከእንግዲህ አትገባም» ይላል። እገዳው ቪትዝን የሚያስጠላ መስሎን ነበር፤ የማትደገም አደረጋት።

ከናሙናው ስለወጣ ተጠያቂ

መረጃ አሰባሰቡ ሊጠናቀቅ ሲል ፒያሳ አካባቢ ቮልስ የያዙ አንድ አዛውንት አጋጠሙን። ቀለሟ ሰማይ መሳይ ነው፤ ስፖኪዮዋ ኦሪጂናል ነው። መጠይቁን በትዕግሥት መለሱ።

«ጋሼ፣ ይችን መኪና ለምን መረጧት?»

«ስለምወዳት።»

በቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ ስላልነበረ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍን።

«ነዳጅ ትበላለች?»

«አዎ፣ ትበላለች።»

«መለዋወጫዋስ?»

«መከራ ነው።»

«ብትሸጥ ስንት ታወጣለች?»

«አልሸጣትም።»

«ገባን፣ ጋሼ። ቢሸጧት ግን ስንት ታወጣለች?»

«አልሸጣትም አልኩህ እኮ፣ ልጄ።»

ጥያቄው በተለያየ አቀራረብ ቢደገምም መልሱ አልተለወጠም። የተሰጠው ምላሽ ከቀሪው መረጃ ጋር ስለማይጣጣምና ውጤቱን ስለሚያዛባ፣ በአጥኚ ቡድኑ ውሳኔ ተጠያቂው ከናሙናው ተወግደዋል። አብሮን የነበረው ደላላ ግን፣ ለማንኛውም ብሎ፣ ስልካቸውን ተቀብሏል።